«ድሮ የተሠራ አይከዳም» ለሚሉን፦ ከሐረጎ ቁልቁለት የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሮጌ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዘዋወር እኔም ጋ ደረሰ። የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ደሴ ውስጥ የምነዳትን መኪና ያውቋታል። «ያንተን ጉድ ጻፉልህ» አለኝ አንደኛው። አነበብኩት። ጸሐፊው የወሎ ልጅ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ብዕራቸውም ይጣፍጣል፤ ስለ በሺሎ በረሃና ስለ ጦሳ ጉም ያነሡበት ቦታ ላይ ሆዴ ባባ።

ነገራቸው ባጭሩ ይህ ነው። የድሮ የገጠር መኪኖች፣ ማለትም ላንድሮቨር፣ ባለ 40 ላንድክሩዘርና የደርግ ጊዜው ዋዝ፣ ከዛሬዎቹ «የፕላስቲክ መኪኖች» ይልቅ ለተሳፋሪ ደህና ናቸው ባይ ናቸው። ብረታቸው ወፍራም ነው፤ ፍሬናቸው ቀላል ስለሆነ አይበላሽም፤ በ66ም በ77ም ወሎን ያተረፉ ናቸው፤ ዝግ ስለሚሉ ቀበቶ አያሻቸውም፤ ቁመታቸው ያድናል፤ መለዋወጫቸውን የመንደር ቀጥቃጭ ይሠራዋል። ስለዚህ ቀለም ቀብተን ቱሪስት ከደሴ ላሊበላ እናመላልስባቸው፤ ልጆቻችንም ይንዷቸው ይላሉ።

እንደ ጠላት እንዳያዩኝ አስቀድሜ ልናገር። ባለ 109 ላንድሮቨር አለችኝ፤ ሲሪስ 3 የሚሏት፣ ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት አንዷ። 109 የሚያሰኛት ከፊት እግሯ እስከ ኋላ እግሯ ያለው ርቀት በኢንች ነው። አባቴ እሷን የመሰለች መኪና በ77 እህል ሲታደል ነድቷል። የገዛኋት ለትዝታው ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እጄ ግራሶ ነው፤ ባለቤቴ «ጣውንቴ» ትላታለች። ስለዚህ የምሟገተው መኪኖቹን ጠልቼ አይደለም። በየሳምንቱ ሥሯ ተኝቼ የማየውን ነገር ጸሐፊው ከላይ ሆነው ስላላዩት ነው።

ከብረቱ ልጀምር፤ እሳቸውም የጀመሩት ከዚያ ነው። «የድሮ መኪና ብረቱ ወፍራም ነው፤ የዛሬው ሲነካ እንደ ቆርቆሮ ይጨማደዳል» ይላሉ።

መቼም ላንድሮቨር ሰውነቷ ብረት አይደለም። በሚያዝያ 1948 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትታይ ዘመኑ የጦርነት ማግሥት ነበር፤ እንግሊዝ አገር ብረት የሚታደለው በራሽን ነው። ሠሪዎቿ ቢርማብራይት የሚባል የአልሙኒየም ቅይጥ አለበሷት፤ በዚያው ለመደችው። ማግኔት ይያዙና ፓራፋንጎዋ ላይ ያስጠጉ፤ ይወድቃል። ብረቱ ያለው ሥሯ ነው፤ ሁሉን በተሸከመው ሻንሲው ላይ።

ጉዱም ያለው እዚያው ሻንሲው ላይ ነው። አልሙኒየሙ እንደ ብረት ስለማይዝግ ላይዋ አምሮ ሥሯ ያልቃል። ሻንሲዋ ከላሜራ ተበይዶ እንደ ሣጥን የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጭቃና ውሃ ይገባበትና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። እኔ ልገዛት ስሄድ ቀለሟ ፊት ያሳይ ነበር። አብሮኝ የሄደው ሽማግሌ መካኒክ ቀለሙን ዞር ብሎም አላየው። ጋቢውን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝ፤ ካርቶን አነጠፈና በጀርባው ገባ፤ ከዚያ በመዶሻ ሻንሲዋን ከፊት ጀምሮ ይቆረቁር ጀመር። ቀው፣ ቀው፣ ቀው። የኋላ ባሌስትራ የሚንጠለጠልበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ዱፍ አለ። ደግሞ መታው፤ መዶሻው ገብቶ ቀረ። ከሥር ሆኖ «አብሽር፣ ይበየዳል፤ አንተ ግን ዋጋውን ቀንስ በለው» አለኝ። ሻጩ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። ያ ወፍራም ብረት የተባለው ይህ ነው፤ ባሌስትራውን የያዘው ዝገትና ቀለም ነበር።

ደህና፣ ሻንሲው ጤነኛ ይሁን እንበል። የዛሬ መኪና መጨማደዱስ? እዚህ ላይ ጸሐፊው ነገሩን ገልብጠው ነው የያዙት። እንቁላል ገበያ የምትወስድ ሴት ጭድ ጎዝጉዛ ነው የምትይዘው። ብረት ሣጥን ውስጥ ጨምራው ሣጥኑ ከእጇ ቢወድቅ ሣጥኑ ምንም አይሆን፤ እንቁላሉን ግን በማንኪያ ነው የምታወጣው። መኪና ሲጋጭም ያ ሁሉ ጉልበት የሆነ ነገር ላይ ያርፋል። የመኪናው ፊት ተጨማድዶ ከበላው በላው፤ አልበላ ካለ የሚቀረው ሰውየው ነው። ቤላ ባሬኒ የሚባል የመርሴዲስ መሐንዲስ ይህን ሐሳብ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስመዝግቦ በ1959 እ.ኤ.አ. በወጣች መኪና ላይ አዋለው፤ ፊቷና ኋላዋ እንዲታጠፍ፣ ሰው የሚቀመጥበት መሐሏ ግን እንዲጠነክር ሆና ነው የተሠራችው። ላንድሮቨር ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የመሪዋ ዘንግ ራሱ ወጥ ብረት ነው፤ ፊቷ ወደ ኋላ ሲገፋ ዘንጉ የሚመጣው ወደ ሹፌሩ ደረት ነው።

ይህን ዓይን ያየው ነገርም አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ያቋቋሙት የመንገድ ደህንነት ተቋም 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር የ1959ን ሼቭሮሌ ቤል ኤር ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት፣ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ አላተማቸው። ቤል ኤር ማለት ጸሐፊው ቢያዩት ከነልጅ ልጃቸው የሚወራረዱበት ዓይነት፣ ግንድ የሚያህል መኪና ነው። ውጤቱ፦ በአሮጌው ውስጥ የተቀመጠው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ይሞት ነበር፤ መሪውም ጣሪያውም መጥተው ተጭነውታል። በአዲሱ ውስጥ የነበረው ጉልበቱንና እግሩን ቢጎዳ ነው። ቪዲዮውን ያየ ሰው ስለ ድሮ ብረት መሐላ አይገባም።

አሁን ወደ ፍሬኑ ልምጣ፤ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ጸሐፊው «ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው፣ ምኑ ይበላሻል?» ብለው ይጠይቃሉ።

የወሎ መንገድ መውጣትና መውረድ ነው። ጉጉፍቱም በሉት፣ ኩታበርን አልፎ ወደ በሺሎ የሚወርደውም በሉት፣ ሁሉም ያው ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ የምወርደውን ሐረጎን ልውሰድ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ መሬቱ 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀውን ጉልበት በወረቀት አስልቼው አውቃለሁ። ይህ ሁሉ ፍሬን ላይ ብቻ ሙቀት ሆኖ ቢያርፍ ሁለት ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሁለት ጀሪካን! በአራት ታምቡር ውስጥ።

ላንድሮቨር ላይ አራቱም እግር ታምቡር ነው፤ ሸራው ከውስጥ ሆኖ እየታሸ የሚይዘው ዝግ ብረት ማለት ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉም እየጠለቀ ይሄዳል። ሸራው ራሱ ሲግል መያዝ ያቆማል። ዲስክ ፍሬን አየር ላይ የተገለጠ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፤ ታምቡር ግን ሙቀቱን ታቅፎ ይቀመጣል። ባለ 40 ላንድክሩዘር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ ለአንዳንድ ገበያዎች የፊት ዲስክ አግኝቷል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ዋዝ ግን ከላንድሮቨር አይሻልም።

ሁለተኛው ነገር መስመሩ ነው። የአብዛኞቹ የድሮ ላንድሮቨሮች የፍሬን ዘይት በአንድ መስመር ነው ለአራቱም እግር የሚሄደው፤ ድርብ መስመር የመጣው በስተመጨረሻ ነው። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? የአንድ እግር ጎማ ቱቦ ቢቀደድ የአራቱም ፍሬን ይሄዳል። የዛሬ መኪና ላይ አንዱ መስመር ቢፈስ ሌላው ይቀራል፤ ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ መብራት በርቶ ይጮኻል። የኔዋ የምትጮኸው በእኔ አፍ ነው።

ጮኬም አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ (ስሙ ይቅር) የፍሬን ዘይቷ ጎደለ ብሎ ሞላልኝ። ምን እንደሞላ አልጠየቅኩም። ሳምንት ካለፈ በኋላ ጎረቤቶቼን ለሠርግ ሐርቡ ላደርስ አሳፍሬ ሐረጎን ስወርድ መኪናዋ ዛሬ ጥሩ ትይዛለች አልኩ በልቤ። ፍሬን ሳልረግጥም የምትይዝ ትመስላለች። ለካ የማትለቅ ሆናለች፤ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እየታሸ ነው። ከኋላ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ ምን ነገር ነው የሚያርረው?» ሲሉኝ ሽታው እኔም አፍንጫ ገባ። በሚቀጥለው ጥምዝ ረገጥኩ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። እንደገና፤ ወለል። ያተረፈን ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ መሆኔና ተራራው በቀኛችን መሆኑ ነው። ወደ ተራራው ጎን ጠጋ አድርጌ ቦዩ ውስጥ አስገባኋት፤ ፓራፋንጎዋን ድንጋዩ እየፋቀ፣ ሴቶቹ ዱዓና ውዳሴ እየቀላቀሉ፣ ቆመች። ኮምቦልቻ ላይ ስትፈታ የፍሬኑ ጎማዎች ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጠው ተገኙ። የፍሬን ዘይት ቦታ ላይ የሞተር ዘይት ተጨምሮበታል፤ ማዕድን ዘይት ደግሞ የፍሬን ጎማ ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎማ ዘይቱ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይደፍናል። መያዣው ላይ የተጻፈ ነገር የለ፣ መብራት የለ፣ ምልክት የለ።

«ጥፋቱ የጋራዡ ነው» ይሉኝ ይሆናል። ነው። አዲስ መኪናም እንዲህ ያለ ዘይት ቢጠጣ ሁለቱም መስመሩ ይበላሽ ነበር፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን «ቀላል ስለሆነ አይበላሽም» የሚለው አባባል ያን ቀን ነው ከእኔ ጋር ቦይ ውስጥ የገባው።

ማርሹንም እናንሣው፤ አሮጌ ሹፌሮች ቁልቁለት የሚወርዱት በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነውና። ከሲሪስ 3 በፊት የነበሩት ላንድሮቨሮች አንደኛና ሁለተኛ ማርሻቸው ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ሳይጮኽ እንዲገባ የሚያደርገው ነገር) የለውም። እየወረዱ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ለመመለስ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ፣ በመሐሉም ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን ማናገር ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ወጣት ቁልቁለቱ መሐል ማርሽ ሊቀንስ ቢሞክር ማርሹ ይጮኽበትና አይገባለትም፤ ያኔ ያለ ማርሽ፣ በፎሌ ነው ሐረጎ ላይ የተንጠለጠለው። አባቴ «ማርሽህን ቁልቁለቱ አፍ ላይ ምረጥ፤ ጉሮሮው ላይ አትምረጥ» ይል ነበር። ይህ ትምህርት ነው እንጂ የመኪናው ደህንነት አይደለም። አባቴ ሲሞት አብሮት ሊቀበር የሚችል ነገር ነበር።

ጸሐፊው የእጅ ፍሬንን «ሁለተኛው ዋስትና» ብለውታል። ላንድሮቨር ላይ የእጅ ፍሬን የሚይዘው እግሮቹን አይደለም። ከካምቢዮው ወጥቶ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ እግሮች የሚያካፍለው) የሚሄደውን ዘንግ ነው የሚይዘው። ስለዚህ እየሄዱ ከሳቡት ዘንጉን ሊሰብሩት ይችላሉ። የባሰው ግን ቆመው ነው፦ አንዱን የኋላ እግር በክሪክ ሲያነሡት ያ እግር ባየር ላይ በነጻ ይሽከረከራል፤ ዲፈረንሻሉ ይፈቅድለታል፤ የእጅ ፍሬን እስከ ጥግ ተስቦም መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ተንሸራታ ትሄዳለች። የድሮ ረዳት ገና መኪናዋ ሳትቆም ታኮ ይዞ የሚዘለው ለዚህ ነው። ዛሬ ታኮ የያዘ ረዳት ያለው የቱሪስት መኪና ስንት ነው?

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ለመንካት የሚያስፈራ ነው፤ የትዝታ ነገር ስለሆነ። «በ66ም በ77ም ወሎን ያተረፉት እነዚህ መኪኖች ናቸው፤ ያን ሁሉ ገደል ወጥተው ወርደው እዚህ ደርሰዋል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ፈተና አለ?» ይላሉ።

በ66 መኪናው ወደ ሕዝቡ አልሄደም፤ ሕዝቡ ነው ወደ መኪናው የወጣው። ከደሴ ወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ዳር እየወጣ የተቀመጠውን ሕዝብ ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። የ77ቱን ግን እቀበላለሁ፤ እህሉ በመኪና ገብቷል፤ አባቴም ነድቷል። ግን ያ መንዳት ምን ይመስል ነበር? በጠጠር መንገድ፣ በሰዓት 20 እና 25 ኪሎ ሜትር፣ በቀን ብርሃን፣ ከፊት የሚመጣ መኪና በሰዓት አንድ ሲገኝ። መኪናዋ ገና አዲስ፣ ድርጅቱ የራሱ መካኒክ ያለው። ያችው መኪና ዛሬ አርጅታ፣ በአስፋልት፣ ከኮምቦልቻ ከሚወጣ ሲኖትራክ ጋር ነው የምትጋፋው፤ ሕዝቡ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። የኔዋ ናፍጣ ሞተር 60 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነው ያለው። ዳገት ላይ ከኋላዬ የሚሰለፈውን አይሱዙ ክላክስ ብትሰሙ ለእሱም ለእኔም ታዝናላችሁ፤ ትዕግሥቱ አልቆ ጥምዝ ላይ የሚቀድመኝ ሹፌር ደግሞ የሚጋጨው ሌላ ሰው ጋር ነው።

«እዚህ ደርሰዋል» የሚለውም ቢሆን፣ የምናያቸው የደረሱትን ብቻ ነው። ያልደረሱት ጋራዥ ውስጥ ቆመው አይጎበኙም። አባቴ ወደ በሺሎ በሚወርደው መንገድ ላይ አንድ ጥምዝ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ወሬ ያቆም ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አብሬው ስሄድ ጠየቅኩት፤ በከንፈሩ ወደ ታች ጠቆመኝ። ገደሉ ውስጥ፣ በጣም ሩቅ፣ የላንድሮቨር ጣሪያ የሚመስል ነጭ ነገር ይታያል። ከዚያ በላይ አልነገረኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ያቺም በዘመኗ እህል ጭናለች። የሚጻፍላት ሰው የላትም እንጂ።

ስለ ቀበቶ የተባለው እንኳን በአጭሩ ያልቃል። ሦስት ቦታ የሚያዘው ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ከቮልቮ የወጣ ነው፤ ኒልስ ቦሊን የሚባል መሐንዲሳቸው ሠርቶት ድርጅቱ ሌሎችም በነጻ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት ከፊት ለተቀመጠ ሰው የመሞትን ዕድል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይላል። «ዝግ ስለምንል አያስፈልግም» ለሚለው ደግሞ፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄዱ በድንገት መቆም ከ6 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት ዝለሉ ቢባል «ዝግ ብዬ ስለምዘል» የሚል ሰው አላውቅም። ከኋላ ደግሞ አግዳሚው ጎንና ጎን ነው፤ ሰው ከሰው ጉልበት ለጉልበት ተፋጦ ይቀመጣል። መኪናው ሲቆም ሁሉም ወደ ጋቢናው ይከመራል፤ ልጅ ጭን ላይ ካለ ልጁ ነው ቀድሞ የሚሄደው። ቀበቶ እናስገባ ያሉ ካሉም ደስ ይለኛል፤ ግን ብሎኑ ቀጭኑ አልሙኒየም ላይ እንዳይታሰር። ተነቅሎ አብሮ ይመጣል።

ቁመት ያድናል የተባለው ተቃራኒው ነው። ከፍ ያለና ጠባብ መኪና በድንገት ሲጠመዘዝ ይገለበጣል፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ባጃጅ ያየ ያውቀዋል። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሸማቾች ማኅበር ትንሿን ሱዙኪ ሳሙራይ ትገለበጣለች ብሎ «ተቀባይነት የላትም» ሲል ኩባንያው ከሶት ክርክሩ እስከ 2004 ዘልቋል፤ ማን ልክ ነበር የሚለው ይቆይና፣ ጥያቄው ግን ስለ ቁመት ነበር። እኛ ደግሞ በዚያ ላይ ፖርቶ መጋላው ላይ ሦስት ኩንታል ጤፍ እንጭናለን። ሦስት ኩንታል ከሰው ራስ በላይ! ስትገለበጥ ጣሪያው በብሎን የታሰረ አልሙኒየም ነው። ነዳጁ የት እንዳለ ደግሞ ታውቃላችሁ? ወንበሩ ሥር።

ጸሐፊው በዚህ መሐል ጣል ያደረጓት አንዲት ነገር አለች፦ «ባለ 70 ላንድክሩዘር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ መሠራቱ የድሮው ልክ እንደነበር ያሳያል።» ውጩን አይተው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. ኤርባግ ገብቶለታል፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ነጠላ ጋቢናው የግጭት ፈተናውን ባለ አምስት ኮከብ ሆኖ ያለፈው አምስት ኤርባግ ይዞ፣ አካሉም ተጠናክሮ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው የድሮው ይበቃል ቢሉ ኖሮ ይህን ሁሉ ወጪ ምን አስወጣቸው?

መለዋወጫው ላይ ግን እጄን ሰጥቻለሁ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እንዲያውም ካሉት በላይ ልክ ናቸው። ደላንታ ላይ፣ ወገል ጤና ሳይደርስ፣ በዚያ ብርድ አመሻሹ ላይ መኪና ቢቆምባችሁ፣ የቆመው በሴንሰር ከሆነ እዚያው ታድራላችሁ። ብርዱ፣ ጨለማው፣ መንገድ ዳር መቆሙ፣ ይህ ራሱ አደጋ ነው፤ የደህንነት ፈተና የሚሠሩት ሰዎች አይቆጥሩትም እንጂ። የኔዋ ቺንጋ ሲበጠስ በመፍቻና ባለኝ ትርፍ ቺንጋ በግማሽ ሰዓት ተነሥታለች። አሮጌ መኪና ሲገባ የሚከፈለው ኤክሳይዝ ታክስ በ2012 ዓ.ም. ሰማይ ከወጣ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ያለንን ጠግነን መንዳታችን ግድ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ምርጫው በአሮጌና በአዲስ መካከል አይደለም። ይህን የማያነሣ ከአዲስ አበባ የሚጻፍ ምክር እኔም አይመቸኝም።

ብቻ ቀጥቃጭ የሚሠራው የሚሠራውን ነው። የበር ማጠፊያ ይሥራ፣ የማርሚታ መያዣ ይሥራ። የመሪ ዘንግና ቴስቲና (የመሪው መጋጠሚያ) ሲበየድ ግን አይቻለሁ፤ ብየዳው ሲያምር ሲያምር ቅርፊት ነበር። መሪና ፍሬን አይበየድም፤ ይቀየራል። የማይገኝ ከሆነ መኪናው ይቆማል።

ቱሪስቱንስ? ከወልድያ በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣውን መንገድ በክፍት ላንድሮቨር ማየት እኔንም ያጓጓኛል፤ «አይሆንም» አልልም። ግን የእኔ ይሁን ሌላው፣ ሥራው ቀለም አይደለም። ፍሬኑ ወደ ድርብ መስመር ይለወጥ፤ የኋላው አግዳሚ ወጥቶ ወደ ፊት የሚያይ ወንበር ከነቀበቶው ሻንሲ ላይ ይታሰር፤ ጣሪያው ላይ ውሃ እንኳ አይጫን፤ ሲመሽ ይቁም። ጎማውንም ሰው ይየው። አሮጌ መኪና ብዙ ስለማይሄድ ጎማው ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጃል። ባለፈው አንድ ወዳጄ «አዲስ ጎማ ነው» ብሎ ያሳየኝን 7.50 በ16 ጎን በምራቅ ጠርጌ አነበብኩለት፤ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች 2309 ይላሉ። 23ኛው ሳምንት፣ 2009 በፈረንጅ። ጥርሱ አንድም አልተነካም፤ ጎኑ ግን ሲታጠፍ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። ወዳጄ ደንግጦ «ታዲያ ምን ላርገው?» አለኝ። ለአበባ መትከያ ይሆናል አልኩት፤ ተቀየመኝ።

መጨረሻቸው «ልጆቻችን ይንዷቸው» ነው። የእኔ ልጅ መንዳት የተማረው በዚችው ላንድሮቨር ነው። ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጡን፣ ታኮ ማስገባቱን፣ ታምቡር በእጅ ጀርባ ነክቶ ሙቀቱን ማወቁን አሳምሮ ያውቃል፤ ደሴ ውስጥ ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ ብቻውን ይነዳታል፤ ሐይቅም ደርሶ ተመልሷል። ጽሑፉን ሲያነብ «አየህ አይደል?» ብሎ ስልኩን አምጥቶ ያሳየኝም እሱ ነው። ሐረጎን ግን ገና አልፈቀድኩለትም።